መጀመሪያ የሚጠፋው ቀልብ ነው

[ምስል፦ ማለዳ፣ ጣና ዳር። ዓሣ የሚያጸዱ እጆች በቅርብ]

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ ያለሁት ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ነው። ነፋስ አለ፤ ድምፄ ቢቆራረጥ ታገሱኝ።

እስቲ እነዚህን እጆች እዩልኝ። የቆሮሶውን ቅርፊት ይፍቃሉ፣ ከጭንቅላቱ ጀርባ ይሰነጥቃሉ፣ ከዚያ ቢላውን ከአከርካሪው ጋር እያስታከኩ እስከ ጭራው ያወርዱታል። ገልበጥ አድርገው ሌላውንም ጎን እንዲሁ። ፊሌቶው ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ይህን እኔ አውርቼ ሳልጨርስ እሳቸው ሌላ ዓሣ ጀምረዋል።

አሁን የግራ አውራ ጣታቸውን እዩ። በጨርቅ ታስሯል።

"ይህን ሁሉ ዘመን ቢላ ይዘው እንዴት ተቆረጡ እማማ?" አልኳቸው።

"የልጅ ልጄ ታማብኝ ሦስት ሌሊት ሐኪም ቤት ወለል ላይ አደርኩ ልጄ" አሉኝ። "ቢላው ያው ነው፣ ዓሣውም ያው ነው። እኔ ነኝ ቀልብ ያልነበረኝ።"

ቀልብ። የዛሬው ጉዳዬ እሱ ነው። እጅ ሙያውን በአንድ ሳምንት አይረሳም። ሰው ሲደክም፣ ሲታመም፣ ሲጨነቅ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀልቡ ነው፤ ከዚያ ሥራው ይበላሻል፣ ከዚያ ሰው "ሰነፈ" ይለዋል። የሚከፋው ደግሞ ባለቤቱ ቀልቡ መጥፋቱን የሚያውቀው ከሁሉም በኋላ መሆኑ ነው።

ከእንቅልፍ ልጀምር። አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰዎችን ላቦራቶሪ አስገቡ። ለ14 ቀን አንዳንዱን 8 ሰዓት፣ አንዳንዱን 6፣ አንዳንዱን 4 ሰዓት ብቻ እያስተኙ ንቃታቸውን በየቀኑ ፈተኑ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ታተመ። 6 ሰዓትና ከዚያ በታች የተኙት ሰዎች ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ የሚሠሩት ስሕተት አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ጭራሽ ሳይተኛ ያደረ ሰው ከሚሠራው የሚስተካከል ሆኖ ተገኘ። 6 ሰዓት እኮ ነው ያልኩት! እኛ ሰፈር 6 ሰዓት የተኛ ሰው "ጥሩ ተኛሁ" ነው የሚለው።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ነው። ሰዎቹ ራሳቸው የተሰማቸው እንቅልፍ ትንሽ ብቻ ነበር። ስሕተቱ ከቀን ወደ ቀን እየጨመረ ይሄዳል፣ ድካሙ ግን ለባለቤቱ ያን ያህል አይሰማውም። "ለምጄዋለሁ" የምንለው ይሄንን ነው። አልለመድነውም፣ መለካት ነው ያቃተን።

[ምስል፦ የባጃጅ ተራ፣ ምሽት]

ባጃጅ የምትነዱ ወንድሞቼ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የሚያሳየው የንቃት መቀነስ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ተቀራራቢ እንደሆነ በጥናት ታይቷል። ይህ መጠን በብዙ አገር መኪና መንዳት የሚያስከለክል ነው። ሌሊት 11 ሰዓት የተነሳ ሰው ማታ 4 ሰዓት ላይ 17 ሰዓቱን ሞላ። አንድ ጠብታ አልቀመሰም፣ መንገዱን በዓይኑ ጨፍኖ ያውቀዋል፣ ግን ከፊቱ ልጅ ሮጦ ቢገባ እግሩ ፍሬኑ ላይ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሆቴል ውስጥ ካሸር ነበርኩ። የምትተካኝ ልጅ ሥራ ለቀቀችና ምትክ ሳይመጣ ሁለት ወር ያህል ጠዋት ከፍቼ፣ ማታ ዘግቼ እወጣ ነበር። በዚያው ሰሞን ደግሞ አከራዬ ኪራይ ጨመሩብኝ። አንድ ማታ ሒሳብ ስዘጋ 800 ብር ጎደለኝ። እንደገና ቆጠርኩ፣ 700 ጎደለ። ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠርኩ፣ 200 ተረፈ! አስቡት፣ ያው ብር ነው፣ ያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ባለ 100ውን ከባለ 200ው ጋር ደባልቄ እያየሁት አላየሁትም። በመጨረሻ ሌላ ሰው ቆጥሮት 800 ጎደሎ ሆኖ ጸደቀና ከደመወዜ ተቆረጠ።

ኃላፊዬ "ሐሳብሽ የት ነው?" አሉኝ። ስድብ መስሎኝ አለቀስኩ። አሁን ሳስበው ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነበር፤ መልሱን የሚሰማ ግን አልነበረም።

ሐሳቤ ኪራዩ ላይ ነበር። የገንዘብ ጭንቀት ቤት አይቀርም፣ አብሮን ሥራ ይውላል። ይሄም ተጠንቷል። ደቡብ ሕንድ ውስጥ ታሚል ናዱ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከምርት በፊት እጅ ሲያጥራቸው፣ ከዚያም ምርቱ ተሸጦ እፎይ ሲሉ ፈተኗቸው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ። ያው ገበሬ፣ እጁ ባጠረው ሰሞን ማስተዋልና ማሰላሰል የሚጠይቀውን ፈተና ሲሠራ ውጤቱ ዝቅ አለ። ሰውየው አልደነቆረም፣ ግማሽ አእምሮው ብድር እያሰላ ነው። እና ደመወዝ ከመድረሱ በፊት ያለችዋን ሳምንት አስቡ፤ ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ዕቁብ። በዚያች ሳምንት ደብዳቤ የተሳሳተ ባልደረባችሁ ላይ ከመጮሃችሁ በፊት አንዴ ቡና ጋብዙት።

ጣና ዳር እየኖርን ወባን መዝለል ደግሞ አይቻልም። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም ጀምሮ፣ በየቤቱ አንድ ሁለት ሰው ይወድቃል። መድኃኒቱን ይወስዳል፣ ትኩሳቱ ሲለቀው በማግስቱ ሥራ ይገባል፣ "ተሽሎኛል" ይላል። ግን ወባ ቀይ የደም ሴሎችን ስለሚያፈርስ ደም ማነስ ጥሎ ይሄዳል፤ ደም ያነሰው ሰው ደግሞ ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል፣ ከሰዓት ዓይኑ ይከደናል። ኢንዶኔዥያ ውስጥ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደም ማነስ የነበረባቸው የጎማ ዛፍ ሠራተኞች የብረት ማዕድን እንክብል ሲሰጣቸው የሚሰበስቡት መጠን ከፍ አለ። ማንም አልተቆጣቸውም፣ ደማቸው ነው የተስተካከለው።

[ምስል፦ ዳር ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ የደንገል ታንኳ]

ይህን ታንኳ እዩት። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ሲውል ሲያድር ይከብዳል፣ ዝቅ ይላል፣ ቀዛፊው የቱንም ያህል ጉልበተኛ ቢሆን አይፈጥንለትም። ስለዚህ አውጥተው ያቆሙታል፣ ውሃው ተንጠፍጥፎ ፀሐይ ይመታዋል። ሲደርቅ እንደገና ይገባል። የታንኳ ባለቤት ይህን የባከነ ቀን አይለውም። ሰው ላይ ሲሆን ለምን እንደምንቀየር ነው የማይገባኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት በርንአውት የሚባለውን እ.ኤ.አ. በ2019 በ11ኛው የበሽታዎች ምደባው ውስጥ ሲገልጸው፣ በሽታ ብሎ አልመደበውም። በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ውጥረት የሚመጣ ክስተት ነው አለው። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፤ ጉልበት ማለቅ፣ ልብ ከሥራው መሸሽ፣ የሥራ ውጤት መቀነስ። ሁለተኛዋን ልብ በሉ። ደንበኛ በር ላይ ሲታይ "ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?" የምትሉ ከሆነ፣ ድሮ ደግሞ እንዲህ ካልነበራችሁ፣ ጠባያችሁ ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል፣ አልቃችሁ ይሆናል። ድርጅቱ ከዓለም የሥራ ድርጅት ጋር በ2021 ያወጣው ጥናት ደግሞ፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ አደጋን 35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞትን 17 በመቶ ያህል ከፍ ያደርጋል ይላል። እኔ በነዚያ ሁለት ወራት በሳምንት ወደ 90 ሰዓት ነበርኩ።

ሕጉ ምን እንደሚል ያን ጊዜ ባውቅ ደስ ባለኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። የመጀመሪያውን ዓመት የጨረሰ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን ዕረፍት በክፍያ አለው። የሕመም ፈቃድም አለ፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ ነው። ሄጄ "ዕረፍት አለኝ" ለማለት አፍሬ ነበር። ኋላ ላይ አምስት ቀን ወሰድኩ፣ ሁለቱን ቀን ተኛሁ ብል አላጋነንኩም። ስመለስ ሒሳቤን አንዴ ቆጥሬ ዘጋሁ።

ለራሱ የሚሠራውስ? ለእማማ ዕረፍት የሚፈርምላቸው አለቃ የለም። ካልሠሩ የሚበሉት የለም። እዚህ ላይ ሰው ለሰው ካልተዛዘነ ሌላ መላ አላየሁም።

[ምስል፦ እማማ እጃቸውን ሲታጠቡ]

አሁን ረፋድ 4 ሰዓት ነው። እማማ የቀረውን ቆሮሶ አጠገባቸው ለምትሠራው ልጅ ሰጥተው ሊተኙ እየሄዱ ነው። ገንዘቡን ማታ ትወስድላቸዋለች። ሁለት ጊዜ ዞረው ዓሣውን አዩት፤ ልጅቷ ቢላዋን ይዛ ሳቀችባቸው።

"ይሂዱ እማማ፣ እኔ አለሁ።"