ኮዱ የሁሉም፣ ስሙ የማን?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ስም ነው። ነፃ ሶፍትዌርን ማንም ወስዶ ይቀይረዋል፣ ያባዛዋል። ስሙ ግን ባለቤት አለው። ይሄ ነገር ሁሌ ያብሰለስለኛል፤ በተለይ ሞዚላ የሚሠራው የፋየርፎክስ ብራውዘር ጉዳይ።

ብራውዘሩ በ2002 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ፊኒክስ ነበር የሚባለው። ባዮስን፣ ማለትም ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳውን ፕሮግራም፣ የሚያመርተው ፊኒክስ ቴክኖሎጂስ ስሙ የእኔ ነው አለ። በ2003 ፋየርበርድ ተባለ። እሱም የተያዘ ነበር! ፋየርበርድ የሚባል ነፃ ዳታቤዝ አለ፤ ሰዎቹም ክፉኛ ተቆጡ። እውነት አላቸው። አቅማቸው ከሞዚላ ጋር አይወዳደርም፤ የሚታወቁት በስማቸው ነው። በ2004 ፋየርፎክስ ላይ ተረጋጋ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ከልካዩ ራሱ ሞዚላ ሆነ። በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራው ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዴቢያን፣ ለተረጋጋው (ብዙ ለማይቀየረው) ስሪቱ የደህንነት ማስተካከያዎችን በራሱ እየሠራ አሮጌው ፋየርፎክስ ላይ ይጨምር ነበር። የሎጎው ፈቃድ ነፃ ስላልሆነም ሎጎውን አውጥቶ ስሙን ብቻ ይጠቀም ነበር። በ2006 ሞዚላ «ስሙን ከፈለጋችሁ ሎጎውም ይግባ፣ የምትቀይሩትንም እኛ እንየው» የሚል አቋም ያዘ። ዴቢያን እሺ አላለም። ስሙን አውጥቶ አይስዊዝል አለው።

ብዙ ሰው በሞዚላ ፈረደ። እኔ ግን ስሙን መጠበቁን አልቃወምም። አጭበርባሪ ኮዱ ውስጥ ሰላይ ነገር ከትቶ በፋየርፎክስ ስም ቢበትነው፣ ጉዳቱ የሚተርፈው ምንም ለማያውቀው ተጠቃሚ ነው። የዴቢያን የራሱ የነፃ ሶፍትዌር መመሪያም 4ኛው ነጥቡ ላይ፣ ኮድ የቀየረ ሰው ስሙንም እንዲቀይር ማስገደድ ይቻላል ይላል።

የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ዴቢያን አጭበርባሪ አልነበረም። በጎ ፈቃደኞቹ የሚያደርጉትን እያንዳንዱን ለውጥ በግልጽ ያስቀምጣሉ፤ ማንም ገብቶ ማየት ይችላል። እንዲህ ያለውን ሠራተኛ ከሌባ ጋር በአንድ ሕግ መዳኘት ልክ አይመስለኝም። ፋየርፎክስን ፈልጎ አይስዊዝልን ያገኘ ጀማሪ ግራ ቢጋባ ምን ይገርማል?

ስሙ የተመለሰው በ2016 ነው፣ ከ10 ዓመት በኋላ። የሎጎው ፈቃድ ተስተካክሏል፤ ሞዚላም የዴቢያን ለውጦች ጥራቱን እንደማይጎዱት ተቀበለ። ዴቢያን ግን ድሮም እንደዚያው ነበር የሚሠራው። የሞዚላ የኢሜይል ፕሮግራም ተንደርበርድም ዴቢያን ውስጥ አይስዶቭ ተብሎ ሰንብቶ ስሙን ያገኘው በ2017 ነው።