ለቆመ እርከን እንክፈል
የገበሬዎች ማኅበሩ ሰብሳቢ በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ያደረጉት የመክፈቻ ንግግር፣ ደብረ ብርሃን

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ ከየወረዳው የመጣችሁ እንግዶች፤ እንደምን አደራችሁ! እንኳን ደኅና መጣችሁ።

ውርጩ ዛሬም ደብረ ብርሃን መሆኑን አልረሳም። ከምንጃርና ከሸዋ ሮቢት የመጣችሁት ጋቢያችሁን እንደተከናነባችሁ ተቀመጡ፤ ማንም አያማችሁም። የመንዞቹ ግን ይህን ብርድ ብላችሁ እንደማትቆጥሩት አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ መንገዱ ሳይመቻችሁ፣ መሐል ላይ አድራችሁ እንደደረሳችሁ ጸሐፊያችን ነግሮኛል። ስለዚህ ንግግሬን ላሳጥር ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝምና ታገሡኝ። ምክንያቱ በአጀንዳው ተራ ቁጥር 4 ላይ ያለው የብር ጉዳይ ነው። የብር ጉዳይ ሳይብራራ እጅ ከተወጣበት ኋላ ያጣላል።

ሥራ አስፈጻሚው ያቀረበው የውሳኔ ሐሳብ ይህ ነው። ከዘንድሮው ትርፍ መጠባበቂያው ከተቀመጠ በኋላ፣ ከሚቀረው አንድ አሥረኛው፣ እርከኑ (ተዳፋት ላይ አፈር እንዲይዝ የተካበው ካብ) ሳይፈርስ ቆሞ ለተገኘለት አባል በማበረታቻ መልክ ይከፈል። ነገሩ ገና ከመወራቱ አንድ አባላችን በር ላይ ይዘው፣ «የራሱን መሬት ለጠበቀ ሰው ደግሞ ይከፈለዋል? ልጁን ላሳደገ አባት ማን ከፍሎ ያውቃል?» አሉኝ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። መልሱን ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ድንጋይ ተሸክሜአለሁ። ሥራው «ምግብ ለሥራ» ይባል ነበር። የአንድ ቀን ዋጋ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት። ቁመቱ ከካቡ የበለጠ ሁሉ ተሰልፎ ይሠራል። ከቤታችን በላይ ያለው ተዳፋት በሁለት በጋ ከራስጌ እስከ ግርጌ እርከን ለበሰ። የዘይቱ ባዶ ቆርቆሮ ራሱ ስንት ዓመት ውኃ ቀድተንበታል።

ከዚያ 1983 መጣ። መንግሥት ተለወጠ፤ የሚቆጣም የሚሰፍርም ጠፋ። እኔ ያኔ አዲስ ጎጆ ወጪ ነበርኩ። በሰኔ ከወንድሜ ጋር ሆነን ከስምንቱ እርከን አምስቱን ናድነው። ሰነፍ ሆነን አልነበረም። እርከን መሬት ይበላል፤ ተዳፋቱ ሲበረታ ካቦቹ ይቀራረባሉና ከአሥር እጅ አንዱን፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠውን ይወስዳል። ጥማዱ ጫፍ ሲደርስ መዞሪያ ያጣል። በድንጋዩ መሐል አይጥ ይራባል፤ ገብሱ ሲያሽት ማን ቀድሞ እንደሚያጭደው ታውቃላችሁ። ደግሞ ከካቡ ሥር በዓመታት የተጠራቀመው አፈር ቅቤ የመሰለ ነበር፤ እሱን በትነን ስናርስ የዚያ ዓመቱ ገብስ ወገብ ደረሰ። ጎረቤት ሁሉ ቀናብንና የራሱን ናደ። በሦስተኛው ክረምት ጎርፉ ዘሩንም አፈሩንም ይዞት ወረደ። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ያለው ባህር ዛፍ ነው፤ ሌላ ነገር አይበቅልበትም።

ይህ የኔ ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም። ከዚህ ወደ ደብረ ሲና ስትሄዱ፣ ከጉዶ በረት አካባቢ፣ አንዲት ጥድ የሚባል ቦታ አለ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አፈሩና ጎርፉ የሚለካበት የምርምር ጣቢያ የተተከለበት ነው። ጥናት ያደረጉት ሰዎች እዚያም ያዩት ይኸንኑ ነው፤ በጊዜው ገበሬው የተሠራለትን እርከን በከፊል እየናደ ነበር። ምክንያቱንም አላጡትም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እርከን ይወስዳል እንጂ አይሰጥም። ትርፉ ሲመጣ ዘግይቶ ነው፤ የቤተሰብ ጉሮሮ ግን አይዘገይም።

ከዚህና ከመሰል ጣቢያዎች ልኬት ተነሥተው ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ በአገራችን ከአንድ ሄክታር የሰብል መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር እንደሚሄድ ገምተዋል። በእኛ ስፍር 420 ኩንታል ነው። ከሄክታር 42 ኩንታል ስንዴ የሚያገኝ አባል ካለ እጁን ያውጣ… ጥቂት ናችሁ። እናንተም ብትሆኑ፣ ግምቱ በማሳችሁ ላይ ከሠራ፣ አንድ ኩንታል ስንዴ ለማስገባት አሥር ኩንታል አፈር ትሸኛላችሁ።

አሁን ወደ በሩ ጥያቄ ልመለስ። ልጁን ላሳደገ አባት ማንም አይከፍልም፤ እውነት ነው። ግን ልጁ ለጎረቤት ሲላላክ ጎረቤት ቢያንስ እንጀራ ቆርሶ ያበላዋል። የበረሳ ወንዝ ከዚህ ከተማ ሥር አልፎ ጀማ ይገባል፤ ጀማ ዓባይ ይገባል። በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ሁሉ፣ ከሰምንም ጨምሮ፣ አዋሽ ነው የሚደርሰው። እኛ ተዳፋት ላይ ካብ ስንክብ ታች ያለው ግድብ በደለል ከመሞላት ይተርፋል፤ የመስኖ ቦዩ አይደፈንም። ድካሙ የእኛ፣ ትርፉ የብዙ ሰው። እንዲህ ያለ ሥራ ሲሆን ነው ክፍያ አስፈላጊ የሚሆነው።

ክፍያማ ነበረ፤ የተከፈለበት ነገር ነው የተሳሳተው። ስንዴውና ዘይቱ የተሰፈረው ለተቆፈረ ሜትር ነበር። ከ1997 ጀምሮ የመጣው ሴፍቲ ኔትም ብዙ ቤት ከረኀብ አትርፏል፣ ይመስገን፤ እርከንን በተመለከተ ግን የሚቆጥረው የሥራ ቀን ነው። በየዓመቱ በጥር የምንወጣበት የተፋሰስ ዘመቻማ በነጻ ነው፤ ሪፖርቱ ግን ያው በሜትርና በሄክታር ይጻፋል። ባለፈው ዓመት የተቆፈረው በክረምት ፈርሶ ዘንድሮ እንደገና ቢቆፈር እንደ አዲስ ይቆጠራል። አንድ ጉድጓድ ሦስት ጊዜ ሪፖርት ሲደረግ ያየሁበት ቀበሌ አለ፤ ስሙን አልጠራም፣ ሰዎቹ እዚህ አሉ።

ሌላ መንገድ ያሳዩን አሉ። በወላይታ ሁምቦ የሚገኙ የገበሬ ማኅበራት 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከከብትና ከምሳር ከልለው ከጉቶው እንዲያቆጠቁጥ አደረጉ። ምድርን ከሚያሞቀውና ደኑ ከአየር ስቦ ከሚይዘው ካርቦን ከፊሉን የዓለም ባንክ የሚያስተዳድረው ፈንድ ገዛቸው። ገንዘቡ ይመጣ የነበረው ዛፉ ቆሞ ተለክቶ ሲገኝ ነው። ዛፍ ከሌለ ብር የለም። እኔን የሳበኝ ይህ ብቻ ነው፤ የካርቦን ገበያውን ውጣ ውረድ ለተማሩት እተዋለሁ።

ደግሞም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የመንዝ አባላት ይመስክሩ። የጋራው የሣር መሬት ጓሳ ቄሮ በሚባለው ነባር የአጠባበቅ ሥርዓት ለዘመናት የተጠበቀው በብር አልነበረም። ሣሩ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሲከፈት የቤት ክዳኑን፣ ገመዱን፣ ገሣውን ሁሉም በድርሻው ያጭዳል። የጠበቀ ያጭዳል፣ ያልጠበቀ አያጭድም። በ1967 የመሬት አዋጅ ያ ሥርዓት ሲፈርስ ጓሳው ምን እንደደረሰበት፣ እንደገናም በማኅበረሰቡ ጥበቃ እንዴት እንዳገገመ ከኔ ይልቅ እነሱ ያውቁታል። የእንሳሮና የሞረትና ጅሩ ሰዎችም አላችሁ፤ እነዋሪ ላይ እናቶቻችን መረሬውን፣ ውኃ የሚቋጥረውን ጥቁር አፈር፣ በእጃቸው እየዛቁ መደብና ቦይ ሲያወጡ ማንም አበል አልከፈላቸውም። ውኃው ሲጠነፍፍ ስንዴው ያኑ ዓመት ይከፍላል። የእርከን ችግር ያኑ ዓመት አለመክፈሉ ነው። በቀወት ማሾ እንዲዘራ ስንት ስብሰባ አስፈለገ? ዋጋ ሲያገኝ ተዘራ፤ መሬቱም በዚያው አረፈ።

ስለ ኩበት አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ባለፈው ሳምንት ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ አንዲት እናት ቤት ጎራ ብዬ ነበር። እበቱን ከገለባ ጋር ለውሰው በመዳፋቸው ጠፍጥፈው የድንጋይ አጥሩ ላይ ለጥፈዋል፤ የጣቶቻቸው ምልክት በየአንዱ ላይ ተቀርጿል። የደረቀው በጓሮ እንደ ጎጆ ተከምሯል፤ ግማሹ ለምድጃ፣ ግማሹ ለገበያ። «ይህን ማሳው ላይ ቢያደርጉት?» አልኳቸው። ሳቁብኝ። ከዚያ ቆጠሩልኝ፤ የጆንያውን ዋጋ፣ የጨውን፣ የልጅ ደብተርን። በልባቸው ያለው ሒሳብ ከኛ ኦዲት ሪፖርት የጠራ ነው። መንግሥት ለማዳበሪያ በቢሊዮን የሚቆጠር ብር ይደጉማል፤ ባይደጉም ኖሮ ብዙዎቻችን አንዘራም ነበር። ነገር ግን ዩሪያ የገዛው ድጎማ ሲያገኝ፣ እበቱን ለአፈሩ የመለሰ ሰው የሚያገኘው ማታ ላይ ቀዝቃዛ ምድጃ ነው። ይህን እኛ ብቻችንን አንፈታውም። ለዚህ ነው ኮምፖስት ዘንድሮ በውሳኔ ሐሳቡ ውስጥ ያልገባው፤ እውነቱን ለመናገር እንዴት እንደምንለካውም አልተስማማንም።

ክፍያው እንዲህ ይሆናል። ምልከታው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ ክረምቱ እንዳለፈ በመስከረም መጨረሻ፣ ሌላው ከብቱ ሜዳ ከዋለ በኋላ በግንቦት። ልቅ ግጦሽ ከጎርፍ ባልተናነሰ እርከን እንደሚያፈርስ ማንም አይክደኝም። የአንዱን ቀበሌ የሌላው ቀበሌ ሰው ያያል፤ ዘመድ ለዘመድ አይመሰክርም። የፈረሰ እርከን ተጠግኖ ከተገኘ እንደቆመ ይቆጠራል። ለከብት መኖ የሚሆን ዴሾ ሣር ወይም ሉሰርን የተተከለበት ብልጫ አለው። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ሙሉ ክፍያ ነው፤ ገበሬው የሚጎዳው ያኔ ስለሆነ። ከአራተኛው ጀምሮ ግማሽ። ጉልበት ለሌላቸው እናቶችና አረጋውያን በወንፈል የሠራላቸው ሰው ክፍያውን አይካፈልም፤ ወንፈል ወንፈል ነው።

አንድ ያልፈታነው ቋጠሮ አለ። መሬቱን በእኩል፣ ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር እየተካፈለ፣ የሚያርሰው ሌላ ሰው ከሆነ ብሩ የማን ነው? የመሬት ደብተሩ በስሙ ያለው ባለደብተር «መሬቱ የኔ ነው» ይላል፤ አራሹ «ካቡን የካብኩት እኔ» ይላል። ኮሚቴው ሁለት ቀን ተከራክሮበት ለሁለት ተከፍሏል። እኔ ለአራሹ አደላለሁ፤ ባለደብተሩ የቆመ እርከን በእጁ ይቀርለታልና። ምክትል ሰብሳቢው ግን አይስማሙም፤ ተራቸው ሲደርስ ስሟቸው።

ከብቅል ፋብሪካ ጋር ባለን ውል ላይም አንድ ሐሳብ አለ። ፋብሪካው የሚከፍለው ለፍሬው ጥራት ነው፤ ፍሬው ከምን ዓይነት ማሳ እንደወጣ አይጠይቅም። በሚቀጥለው ድርድር ከተጠበቀ ማሳ ለመጣ ገብስ በኩንታል ጥቂት ብር ብልጫ እንጠይቃለን። እንቢ ይሉ ይሆናል። እንቢታቸው ግን በነጻ ነው።

አሁን የቁጥጥር ኮሚቴው የኦዲት ሪፖርቱን ያሰማናል፤ ሻይ 4 ሰዓት ላይ ነው፣ ተራ ቁጥር 4 ከሻይ በኋላ ይታያል። በስምና በቀበሌ ያልተመዘገባችሁ ጸሐፊው ዘንድ ፈርሙ፤ ያልፈረመ ድምፅ የለውም። ጉባኤው ተከፍቷል።