ቀን የምንቆጥረው ለምን ጉዳይ ነው?

የተከበራችሁ ቡና አምራቾች፣ የማኅበራት መዝገብ ያዦች፣ መምህራንና ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ።

ጅማ ላይ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሦስት ትክክለኛ መልስ ሊያገኝ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጽፋል፤ ከውጭ የመጣ የመድኃኒት ካርቶን የፈረንጁን ይዟል፤ ረመዳንን የሚጠብቅ ቤተሰብ ደግሞ ጨረቃ ያያል። ሦስቱም ልክ ናቸው፤ የተሠሩለት ሥራ ግን ለየቅል ነው። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣል፤ ጾሙም በ33 ዓመት ገደማ ክረምቱንም በጋውንም ዞሮ ያዳርሳል። ይህን እንደ ጉድለት የሚያዩ ተሳስተዋል። የተሠራው ጨረቃን ሊከተል ነውና ስለ ዝናብ አይጠየቅም።

ጉዳት የሚደርሰው በየትኛው እንደቆጠርን ሳንጽፍ ስንቀር ነው። ማሸጊያ ላይ «03/2026» የሚለውን በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ሰው መድኃኒቱ ገና ብዙ ዓመት ያለው ይመስለዋል፤ ጊዜው የሚያልፈው ግን መጋቢት 2018 ነው። «ስምንት ቀንስ» የሚባለው ብልሃትም ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ያሳስታል፤ በእነዚያ ወራት ልዩነቱ 7 ነው። ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የተወለደ ሕፃንም አለ። የፈረንጁ ቀን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ተቀይሯል፤ የእኛ ሰው ግን ንጋትን ይጠብቃል፤ እናም የልደት ቀኑ ሲገለበጥ በአንድ ቀን ይዛነፋል። ስለዚህ ወሩን በስሙ ጻፉ፤ ከጎኑም «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ይግባ።

ቁጥር የሌለው አቆጣጠርም አለን። የልደት ወረቀት የሌላቸውን አባት «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ብትሏቸው 60 ወይም 65 ብለው ያጠጋጉታል። «አብዮቱ ሲፈነዳ ከብት ይጠብቁ ነበር? ደርግ ሲወድቅ ልጅ ወልደው ነበር?» ብትሏቸው ግን በ1966 እና በ1983 መካከል ሕይወታቸውን በቅደም ተከተል ያስቀምጡላችኋል። ቦረናዎች ዘመኑን የሚጠሩት በየ8 ዓመቱ በሚፈራረቁት አባ ገዳዎች ስም ነው። ለቀናቱ 27 ስሞች አሏቸው፤ ጨረቃዋ ግን 29 ወይም 30 ቀን ስለምትቆይ ስሞቹ ከወር ወር ይንሸራተታሉ። ሳምንት ሳይኖር ዘመን ይቆጠራል ማለት ነው።

አሁን ወደ ቡናው እንምጣ። የማሳ መዝገብ ከወሩ ቀን ጎን ሁለተኛ ቁጥር ይኑረው እንላለን፤ ከአበባ የተቆጠረ ቀን። ቡና መስከረም መጥባቱን አያውቅም፤ የሚያውቀው ከደረቁ ወራት በኋላ የወረደውን ዝናብ ነው። ዝናቡ በወረደ በ10 ቀን ገደማ እንቡጡ ይፈነዳል፤ አበባውም በሁለት ሦስት ቀን ይጠወልጋልና ቀኑን በጊዜው መያዝ ያስፈልጋል። 10 ዛፍ ምረጡ፤ በየዛፉ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ክር እሰሩ፤ ከግማሽ በላይ የፈነዳበትን ቀን «0» ብላችሁ መዝግቡ።

ስሌቱን የእኛ ወር ያቀልለዋል። የካቲት 20 ያበበ ቡና ጥቅምት 20 ስንተኛ ቀኑ ነው? 8 ወር በ30 ሲባዛ 240፤ ጳጉሜን 5 ሲጨመር 245። ብዙ ሰው የሚስተው ይህችን ጳጉሜን ነው። ቡናው ያበበበት ዓመተ ምሕረት ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ዘመኑ ሉቃስ ነውና በ5 ፈንታ 6 ጨምሩ፤ 2015 እንዲያ ነበር፣ 2019ም እንዲያው ነው።

የሚያስቸግረው ዝናቡ ተቆራርጦ አበባው ሁለት ሦስት ጊዜ ሲወጣ ነው። ያኔ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ቀይና አረንጓዴ ፍሬ አብሮ ይገኛል፤ አንድ «0» ብቻ የያዘ መዝገብም ለቀማውን ያሳስታል። ለየአበባው ሌላ ቀለም ያለው ክር እሰሩ። ከፍ ባለው ቦታ ፍሬው ቀስ ብሎ ስለሚበስል፣ የቆላው ጎረቤት በስንተኛ ቀኑ እንደለቀመ አይታችሁ አትልቀሙ። በዚሁ ምክንያት ለገዢ የምትሰጡት ቀጠሮ በወር ቀን ይሁን፤ የአበባው ቁጥር ግን በማሳችሁ መዝገብ ይቆይ። ክሩን አዘጋጅታችሁ የምትጠብቁት የበጋውን ማብቂያ የመጀመሪያ ደህና ዝናብ ነው።