ሐኪም ወርቅነህ፣ አባት

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከሐሳቤ ስላልወጡ ሰው ላወራችሁ ነው፤ ስለ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም እየተባሉ ይነሣሉ፣ ከዚያ ወሬው ወደ ሌላ ያልፋል። እኔ ማንሣት የምፈልገው ግን አባትነታቸውን ነው።

ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ወርቅነህ ገና ሕፃን ነበሩ። በዚያ ትርምስ ከወላጆቻቸው ተለያዩ። ቻምበርሌን የሚባል የእንግሊዝ መኮንን አግኝቷቸው ወደ ሕንድ ይዟቸው ሄደ። እርሱ ሲሞት ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን የትምህርታቸውን ወጪ ሸፈነ፤ ቻርልስ ማርቲን የሚለው ስም የመጣው ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ነው። ላሆር ከሚገኘው የሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1882 ተመረቁ፣ በስኮትላንድ ትምህርታቸውን ቀጠሉ፣ ከዚያም በርማ ውስጥ በእንግሊዝ መንግሥት ሐኪምነት ተቀጠሩ። ደመወዝ አለ፣ ማዕረግ አለ፣ ጡረታ አለ። አማርኛ ግን የለም፤ ረስተውታል።

የዓድዋ ድል ወሬ ከተሰማ በኋላ አገራቸውን ፍለጋ መጡ። አዲስ አበባ ላይ አያታቸው ከሕፃንነት በቀረባቸው ጠባሳ ለዩዋቸው ይባላል። እኚያ አሮጊት ከሠላሳ ዓመት በላይ ያንን ጠባሳ በልባቸው ይዘው መኖራቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ሐኪሙ የሌሎችን ገላ ሲመረምሩ ኖረው፣ የራሳቸው ገላ ደግሞ ለአያታቸው ምስክር ሆነላቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ዝርዝር ረጅም ስለሆነ ቶሎ ልለፈው። ዳግማዊ ምኒልክ ታመው ካከሟቸው ሐኪሞች አንዱ ነበሩ። የእንግሊዝን መንግሥት ሥራ ሲጨርሱ ጠቅልለው አገራቸው ገቡ። ዳኛ ሆነው ፈርደዋል፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በበላይነት መርተዋል፤ ሐረርጌ ውስጥ ያለውን ጨርጨርን አስተዳድረዋል። እ.ኤ.አ. በ1927 ለጣና ግድብ ጉዳይ አሜሪካ ሄደው በዚያው ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋብዘዋል። ይህን ሁሉ ሲሠሩ ሕዝቡ ስማቸውን አልለወጠውም፤ እስከ መጨረሻው ሐኪም ወርቅነህ ነበሩ።

እኔ የጤና ረዳት ልጅ ነኝ። በልጅነቴ ሌሊት በር ሲንኳኳ አባቴ ሳይነሣ እናቴ ቀድማ ፋኖሱን ታበራ ነበር። የበሽተኛው ቤተሰብ በረንዳችን ላይ ያድራል፤ ጠዋት ቁርስ የሚቀርብለት ከእኛ መሶብ ነው። ስለዚህ የሐኪም ታሪክ ሳነብ ዓይኔ መጀመሪያ የሚፈልገው ቤቱን ነው። በወርቅነህ ቤት ወይዘሮ ቀፀላ ቱሉ አሉ፤ የብዙ ልጆች እናት። ባልየው ከአገር አገር፣ ከሹመት ሹመት ሲዘዋወሩ ያንን ቤት አቁመው የያዙት እርሳቸው ናቸው። የታሪክ መጻሕፍቶቻችን ለእንዲህ ያሉ ሴቶች አንድ ዓረፍተ ነገር መስጠታቸው ያናድደኛል።

ለሰው ሁሉ የሚሮጥ ለቤቱ አይተርፍም ይላሉ። በወርቅነህ ላይ ይህን አልቀበልም። ምክንያቴም ልጆቻቸው ናቸው። ቢንያምና ዮሴፍ እንግሊዝ አገር ምህንድስና ተምረዋል። ጣሊያን አገራችንን ሲወር እዚያው መቅረት ማንም የማይወቅሳቸው ምርጫ ነበር። እነርሱ ግን መጡ። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላም የጥቁር አንበሳ ማኅበር አባላት ሆነው በምዕራብ ኢትዮጵያ በዱር በገደል ታገሉ። አባታቸው የበርማን ኑሮ ትተው እንደመጡ እነርሱም የእንግሊዝን ኑሮ ትተው መጡ። እንዲህ ያለው ነገር በምክር ብቻ ልጅ ላይ አያድርም፤ ከአባት ጋር ማዕድ ተቀምጦ፣ ሲወጣ ሲገባ አይቶ ነው።

በዚያን ጊዜ አባትየው የኢትዮጵያ ሚኒስትር፣ ማለትም የመንግሥት መልእክተኛ፣ ሆነው ለንደን ነበሩ። ለአገራቸው የጦር መሣሪያና እርዳታ ያፈላልጋሉ፣ በየደጁ ይማጸናሉ። ዕድሜያቸው ሰባ ገደማ ነው። አስቡት፤ ሽማግሌው አባት ጥይት በማይሰማበት ከተማ፣ ልጆቹ በጦር ሜዳ። ይህ ከማንኛውም ወላጅ ተፈጥሮ ጋር የሚጣላ ነገር ነው። በ1929 ዓ.ም. በምዕራብ ትግሉን ይመሩ የነበሩት ራስ እምሩ እጃቸውን ሲሰጡ ከእርሳቸው ጋር የነበሩት የጥቁር አንበሳ ወጣቶችም ተያዙ። ከዚያ የካቲት 12 መጣ። በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረወር ጣሊያኖች የተማረ ወጣት የተባለን እያሳደዱ ገደሉ። ቢንያምና ዮሴፍም ተረሸኑ።

እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት። ጦርነት በሕፃንነታቸው ከወላጆቻቸው ነጠላቸው፤ በስተርጅናቸው ደግሞ ሌላ ጦርነት ልጆቻቸውን ወሰደባቸው። የስንቱን ሕመም ያከሙ ሰው ለልጆቻቸው ቁስል ማሰር እንኳ አልቻሉም። ልጆቻችሁን አገር እንዲወዱ ያሳደጋችሁ ወላጆች ይህን ከእኔ በላይ ትረዱታላችሁ። ለአገር ሞቱ ብሎ መኩራት ይቻላል፣ እኔም እኮራለሁ፤ ኩራቱ ግን የአባትን ሐዘን ያቀለለው አይመስለኝም።

ከነጻነት በኋላ ሐኪም ወርቅነህ ተመልሰው አገራቸው ገቡ። ያረፉት በ1945 ዓ.ም. ነው፤ ያለ ቢንያምና ያለ ዮሴፍ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ኖረው።