ሥራው ከመቀሱ ይጀምራል

የተከበራችሁ፣ ከአሮጌ ልብስ ምንጣፍና ቅርጫት የምንሠራበት የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እናቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

የዓመቱን ሒሳብ ገንዘብ ያዣችን ከሻይ በኋላ ታቀርባለች። እኔ ደግሞ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስለተዘረጋው ክብ ምንጣፍ ልንገራችሁ። የሠራሁት እኔ ነኝ። በቅርብ ለተዳረች ልጅ ከረከቦቷ ሥር እንድታነጥፈው፣ ነጭ ካናቴራና ቀይ አንሶላ ቀድጄ፣ አቀላቅዬ በኪሮሽ ሠራሁላት። ሲያዩት ያምር ነበር። በመጀመሪያው እጥበት ቀዩ ቀለሙን ለቀቀና ነጩን አበላሸው፤ የአንሶላው ቅዳጅም ክሩ እየተመዘዘ ዙሪያውን ጢም አወጣ። ልጅቱ ይዛው ስትመጣ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችም፤ እኔ ግን ፊቷን ለማየት አፈርኩ። የኪሮሹን ቀለበቶች ብትቆጥሩ እኩል ናቸው። ጥፋቱን የሠራሁት መርፌውን ከመያዜ በፊት፣ መቀስ በያዝኩባት ግማሽ ሰዓት ነው።

ካናቴራ ጠጋ ብላችሁ ብታዩት በማሽን የተሠራ ስስ ሹራብ ነው፤ የሚሳበውም ለዚህ ነው። የታችኛውን ቅምቅማት ቆርጠን ጥለን፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሳናቋርጥ እስከ ብብቱ ከዞርነው አንድ ወጥ ጥብጣብ ይወጣል። ዙሪያው 1 ሜትር፣ ቁመቱ እስከ ብብት 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካናቴራ በ2.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ሲቆረጥ 16 ሜትር ያህል ይሰጣል። ከዚያ ጥብጣቡን በሁለት እጅ ሳብ ሲያደርጉት ጠርዞቹ ተጠቅልለው ድቡልቡል ገመድ ይሆናል፤ የተቆረጠው ጠርዝም ይደበቃል። ይህችን ቅጽበት እስከ ዛሬ አልጠገብኳትም። ከላይ ወደ ታች የቆረጥነው እንደሆነ ግን ያን ያህል አይሳብም፤ ቁራጮቹም አጫጭር ስለሚሆኑ መቀጣጠያው ይበዛል።

አንሶላ፣ ሸሚዝና ከልብስ ሰፊዎች የምናመጣው ቁርጥራጭ ጠባዩ ሌላ ነው። በድርና ማግ የተሸመነ ስለሆነ ከተቆረጠበት ሁሉ ክር ይለቃል። በሰያፍ ሲቆረጥ ይቀንሳል፤ ሰፋ አድርጎ ቆርጦ ጠርዙን ወደ ውስጥ እያጠፉ መሥራትም ይረዳል። ቀለሙን ለመፈተን በሞቀ ውኃ አርሶ በነጭ ጨርቅ ላይ መጫን ይበቃል፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ያችን ሁለት ደቂቃ ነው የነፈግኩት።

ሁለት ጥብጣብ ስትቀጥሉም እባካችሁ አትቋጥሩ። ጫፋቸውን በጥቂቱ ብሱት፤ የአዲሱን ጫፍ በነባሩ ቀዳዳ አሳልፋችሁ፣ የአዲሱን ሌላኛ ጫፍ በራሱ ቀዳዳ አውጡትና ሳቡት። በባዶ እግሩ የሚረግጠው ሰው ጉብታ አያገኝበትም።

ባለፈው ባዛር አንዲት ገዢ ቅርጫታችንን አንስታ «ይህማ ድሪቶ ነው» ብላ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ ከምን እንደሠራነው ባንናገር ይሻላል የሚሉ አባላት አሉ። አልስማማም። ድሪቶ ስንቱን ሰው ከብርድ አውጥቷል። «ልዋጭ!» ለሚሉት ልጆች አሮጌ ልብስ ሰጥተን ጎድጓዳ ሳህን እንቀበል ነበር፤ ዛሬ ያንኑ ልብስ ለምንጣፋችን ብለን እናስቀረዋለን። «ከአሮጌ ካናቴራ የተሠራ» ብለን በትልቁ እንጻፍበት።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን ጥብጣቡን የሚቆርጡልን የቆራጮቻችን ነገር ነው። አብዛኞቹ ዓይናቸው ደክሞ ቀለበት መቁጠር ያቃታቸው እናቶች ናቸው። መቀሱን ግን ከማናችንም በላይ ያውቁታል፤ በጣታቸው ዳስሰው የሚሳበውን ከማይሳበው ይለያሉ። ምንጣፍ ስንተምን መርፌ የያዘችበትን ሰዓት እንቆጥራለን፤ እነሱ የጥብጣቡን ልቃቂት ያዘጋጁበትን ሰዓት ግን እስከ ዛሬ ዋጋ ውስጥ አላስገባነውም። ይህን ስናደርግ የኖርነው እኔን ጨምሮ ሁላችንም ነን። ስለዚህ ልቃቂቱ በሚዛን ተመዝኖ ለቆራጯ እንዲከፈላት፣ ክፍያውም ምንጣፉ እስኪሸጥ ሳይጠበቅ በዚያው ዕለት እንዲሰጥ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ምንጣፉ ጥቂት ይወደዳል፤ ይወደድ። አጀንዳው ላይ 3ኛ ሆኖ ተይዟል፤ የሚቃወም ካለ እዚሁ እነሱ ባሉበት ይናገር።

አሁን ይህን የተበላሸ ምንጣፍ ከእጅ ወደ እጅ አዙሩትና ጢሙን በጣታችሁ ዳስሱት። ጉባኤው ተከፍቷል።