ፍየሎቹ፣ መነኩሴውና ቀይዋ ፍሬ

እንደምን አደራችሁ! እንግዳ ይዛችሁ ጫካ የምትገቡ የጅማ አስጎብኚዎች፣ ረከቦት ዘርግታችሁ ለጎብኚ ቡና የምታፈሉ እኅቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የዛሬው ጉዳያችን ሁላችሁም በቃላችሁ የያዛችሁት ተረት ነው። ካልዲ የሚባል እረኛ ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲፈነጥዙ አየ። ፍሬውን ለመነኩሴ ወሰደ፤ መነኩሴው «የሰይጣን ሥራ ነው» ብሎ እሳት ውስጥ ጣለው፤ ሽታው ገዳሙን ሞላው። ያምራል፣ ንገሩት። ግን «በ850 ዓመተ ምሕረት እዚሁ የተፈጸመ ታሪክ» እያላችሁ አትንገሩት።

ተረቱ በጽሑፍ የወጣው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1671 ሮም ላይ ነው፤ የጻፈውም ፋውስተስ ናይሮን የተባለ ማሮናይት (የሊባኖስ ክርስቲያን) ሊቅ ነው። በእሱ ጽሑፍ እረኛው ስም የለውም፣ አገሩም ዓረብ ምድር ነው። ካልዲ የሚለው ስም በኋላ የተጨመረ ነው። ጎብኚ ይህን ከስልኩ ላይ በደቂቃ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ ስለ ደኑና ስለ ገበሬው የነገራችሁት እውነት ሁሉ አብሮ ይጠረጠራል። ቡና መጀመሪያ ተገኘባት የምትባለውን የጅማዋን መንደር የጮጬንም ትውፊት «የአገሬው ሰው እንዲህ ይላል» ብላችሁ ጀምሩት።

ክልከላ ከፈለጋችሁ እውነተኛው አለላችሁ። በ1511 የመካው ሹም ኻይር ቤይ ቡና አግዶ ነበር፤ እገዳው የተነሣው ከካይሮ በመጣ ትእዛዝ ነው። በእኛም አገር ክርስቲያኑ ቡናን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ሲነውረው ኖሯል። በኦሮሞ ቤት ግን ፍሬዋ ምርቃት የሚወርድባት ነበረች። ቡና ቀላ ማለት «የታረደ ቡና» ነው፦ የጀንፈሉ፣ ማለትም ከነልጣጩ የደረቀው ፍሬ፣ ጫፍ በጥርስ ይነከስና በቅቤ ይጠበሳል። ይህን ተናግሮ ዝም ማለት ነው፤ እንግዳው ራሱ ይጠይቃችኋል።

አሁን ፍሬዋን እንያዛት። ቀይ እሸት የሚገኘው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ለእያንዳንዱ እንግዳ ዙሪያዋን የቀላች አንዲት ፍሬ አጥባችሁ ስጡት። በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ ጫን ሲላት ሁለት ፍሬ ታሾልካለች። የሚያዳልጠውን ሙጫ ይምጠጠው፦ ይጣፍጣል፣ የቡና ሽታ ግን ጨርሶ የለውም። እዚህ ላይ ትንሽ ቆዩ። ተረቱ የሚሳተው እዚህ ነው። እሸት ፍሬ እሳት ላይ ቢጣል ውኃው ይንጨረጨራል፣ ልጣጩ ያራል፣ የሚወጣው የእርጥብ ቅጠል ጭስ ነው። ያ የምናውቀው መዓዛ የሚመጣው ፍሬው ማድረቂያ አልጋ ላይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ደርቆ፣ እርጥበቱ ወደ 11 ወይም 12 በመቶ ወርዶ፣ ተፈልፍሎ ምጣድ ላይ ሲቆላ ነው። አረንጓዴው ወደ ቢጫ፣ ከዚያ ወደ ቡናማ ይዞራል፤ ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ሲጠጋ ይንጣጣል። ለአንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ይለቀማል፤ ይህን ስትናገሩ የእንግዳው ዓይን ወደ ለቃሚዋ ቅርጫት ይዞራል።

የተረቱ ፍየሎች አስማት ካፌይን የሚባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ነው። ዛፏ ከነፍሳት ራሷን የምትከላከልበት ነው፤ አረቢካ በሚባለው በአገራችን ቡና ፍሬ ክብደት ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ ትንሽ ከፍ ይላል።

አንድ ነገር አደራ። እንግዳ ለፎቶ ብሎ ቅርንጫፍ ስቦ እንዳይሸለቅቅ። የመጪው ዓመት ፍሬ የሚይዘው ዘንድሮ ባደገው ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ የተሰበረው ቅርንጫፍ የገበሬውን የከርሞ ምርት ይዞ ይሄዳል። ፍሬ በአንድ በአንድ፣ በጣት ጠምዘዝ ተደርጎ ይለቀም፤ ገበሬውም አስቀድሞ ይጠየቅ፣ ይከፈለው።

በሉ ወደ ጠረጴዛው ቅረቡ። በየሳህኑ አሥር ፍሬ አለ፤ ሰባቱ ቀይ፣ ሦስቱ አረንጓዴ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጣት ለዩዋቸው።