ዘንድሮ ቀለም አንገዛም፦ በዓመታዊ ጉባኤያችን የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አሮጌውን የድሬዳዋ ባቡር ለማደስ የተሰባሰብን የማኅበራችን አባላት፣ የባቡር ጡረተኞች አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ግራሶ የምትነኩ ልጆቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ጉባኤውን ጠዋት ያደረግነው ሆን ብለን ነው። ድሬዳዋ ላይ ከምሳ በኋላ ስብሰባ የሚጠራ ሊቀመንበር ብቻውን ነው የሚሰበሰበው።

ለእናንተ የባቡሩን ታሪክ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ከተማችን ራሷ የባቡር ልጅ ናት። አጼ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው እዚሁ ሜዳው ላይ ቀረ። ከዚራ የሚባለው ሰፈራችንም በጣቢያው ዙሪያ በቀለ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

አንድ ነገር ግን ለእንግዶቻችን ልድገም። «አሮጌውን ፉርጎ ለምን በአዲሱ ሐዲድ ላይ አትጎትቱትም?» የሚለን ሰው አይጠፋም። የእኛ ሐዲድ ስፋቱ ልክ አንድ ሜትር ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪኩ ደግሞ አንድ ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር። የፉርጎው እግር አይደርስም።

ወዳለፈው ዓመት ሥራችን ልግባ። አንድ ፉርጎ ቀለም ቀባን። ፎቶው ያምራል፤ ፌስቡክ ላይ ብዙ ሰው ወዶልናል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ፍሬኑ አይሠራም። ከቆመበት አንድ ስንዝር አይንቀሳቀስም። መነሳት ያቃታትን ሙሽራ ኩል ኳልናት። ከቀቢዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ሱሪዬ ምስክር ነው። ለሌላው ሥራ የጻፍነው ደብዳቤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ክረምቱ አለቀ። እሱን እዚህ ላይ ልተወው።

ከዓመቱ ሁሉ ልቤ ላይ የቀረው አንድ ቅዳሜ ነው። አንድ አባታችን መዶሻ አነሱና የፉርጎውን ጎማ ቀስ አድርገው መቱት። የብረቱ ድምፅ እንደ ደወል ጠራ። ሁለተኛውን መቱ፤ ያው ነው። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ታፈነ፣ ቶሎ ሞተ። «ይሄ ተሰንጥቋል» አሉ። ጎንበስ ብለን አየን፤ ምንም የለም። ግራሶውን በጨርቅ ጠርገን፣ ባትሪ አብርተን ስናይ ፀጉር የምታህል መስመር አገኘን። ከዚያ መዶሻውን ለልጆቹ ሰጧቸው። ሁሉም በየተራ መቱ። ልዩነቱን የሰማችው አንዷ ብቻ ናት። «ሌሎቻችሁ ጆሯችሁን አስታጥባችሁ ኑ» ብለው ሳቁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ይቆጡኛል። እዚያ ከኋላ ተቀምጠዋል።

የዛሬው ጉዳዬ ይኸው ነው። ብረቱ ዝጎም ቢሆን ይጠብቀናል። ጋሼ ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለዘላለም አይጠብቁንም። የድሮው የባቡር ሥራ በፈረንሳይኛ ነበር። የማሽኖቹን ንድፍ ልጆቻችን አያነቡትም። የብዙውን ቡሎን ስም፣ የትኛው ስንት ዙር እንደሚጠብቅ፣ የትኛው ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) «እንደሚያኮርፍ» የሚያውቁት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያሉ ጥቂት ሰዎች ናቸው። በወረቀት የሰፈረው ትንሽ ነው።

ከምፅዋ አስመራ የሚወጣው ሐዲድ በጦርነቱ ተነቅሎ ለምሽግ ሆኖ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ጡረተኞቹ ተመልሰው ብረቱን ከምሽግ እየለቀሙ አነጠፉት፤ አሮጌዎቹንም የእንፋሎት ባቡሮች አስነሱ። ያ የሆነው ሽማግሌዎቹ በሕይወት ስለነበሩ ነው። እኛ ሃያ ዓመት ዘግይተን ብንጀምር ማንን እንጠራለን?

ደግሞ አንጣደፍ። ዌልስ አገር ታሊሊን የሚባል ጠባብ የባቡር መስመር አለ። በ1943 ዓ.ም. በጎ ፈቃደኞች ሲረከቡት መሥራት የሚችል ባቡር አንድ ብቻ ነበረው። በበጎ ፈቃደኞች ከሞት የተረፈ የመጀመሪያው የዓለም ባቡር እሱ ነው። ርዝመቱ 12 ኪሎ ሜትር አይሞላም። እኛ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ስላለው 784 ኪሎ ሜትር እያለምን ከግቢያችን መውጣት አቃተን።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው አንድ ሐሳብ ያቀርባል። ዘንድሮ ቀለም አይገዛም። በዚያ ገንዘብ የአባቶቻችን የባጃጅና የምሳ ወጪ ይሸፈን። እያንዳንዳቸው አንድ ልጅ ይያዙ። የሚናገሩት በስልክ ይቀረጽ፤ የዕቃዎቹ ስም በፈረንሳይኛም በአማርኛም ይጻፍ። ሥራው ከዚያችው ከተቀባችው ፉርጎ ፍሬን ይጀመር። የተሰነጠቀው ጎማ እስኪለወጥ ግን ማንም እንዳይገፋት። አንዳንዶቻችሁ ሰኔ ላይ እንደሞከራችሁ ሰምቻለሁ።

የምትቃወሙ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ክርክር አልፈራም። ቀለም የሚወዱትንም አውቃቸዋለሁ።

ጉባኤውን ከፍቻለሁ። ሒሳብ ሹማችን ወደ መድረክ ይምጡልን። የቀለሙንም ደረሰኝ ይዘው።